ባትሪው ከምርቃቱ ሲሽቀዳደም

እህቴ የተዳረችበትን ጠዋት ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይፈጥናል። ደስታ ነው፣ ድንጋጤም ነው፣ ለይቼ አላውቀውም። ቀራንዮ ባለው የእናቴ ግቢ ድንኳን ተተክሏል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሰርገኛው በር ላይ ደርሷል። እኔ ግን ዓይኔን ከአንድ ቦታ መንቀል አቅቶኛል፤ ከስልኬ የላይኛው ጥግ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ከሚጻፍበት።

ስልክ የምወድ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ስለ ኳስ የሚያወራውን ያህል እኔ ስለ ፕሮሰሰር አወራለሁ፤ ስልክ ውስጥ ሆኖ የሚያስበው እሱ ነውና። ከዓለም ባንክ ወደ ቀራንዮ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ካወጣ አለቀለት፤ ሞዴሉን ጠይቄው፣ የሱ ፕሮሰሰር ከአዲሶቹ በምን እንደሚያንስ አስረድቼው፣ የኔን አውጥቼ አሳይቼው ነው የምወርደው። ከሰርጉ በፊት በነበረው ሰሞን ደግሞ አዲስ ገዝቼ ስለነበር የሚችለኝ ጠፋ። ስልኩ ፊልም ይቀርጻል፣ የቀረጸውን እዚያው በዚያው ይቆርጣል ይቀጥላል፣ ፊት ያሳምራል፣ በጨለማ ያያል። እናቴ ወሬዬ እያሰለቻትም ለጎረቤት ስትናገር ግን «ልጄ ጭንቅላት ያለው ስልክ ገዛ» ትል ነበር።

ስገዛው ስለ ባትሪው ብጠይቅ ሻጩ «ያው ነው» ብሎ ወሬውን ወደ ካሜራው መለሰው። ያኔ አልከነከነኝም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በየዓመቱ የስልኩን ጭንቅላት ያሳድጉታል፣ ሆዱን እንዳለ ይተዉታል። አዲሱ ስልኬ አምስት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበላል፣ ገና ምሳ ሳይደርስ ቻርጀር ያስፈልገዋል። እኔ በፍቅር ዓይን ስለማየው ያንንም የጀግና ጠባይ ነው እል ነበር። ብዙ የሚሠራ ብዙ ይበላል፣ ምን ይደረግ።

እዚህ ላይ ስለ አባባ መናገር አለብኝ። አባባ የምንላቸው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው። አባታችን ሲሞት እህቴ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። አባባ ከጉራጌ አገር መጥተው የአባታችንን ሱቅ ከፈቱ፣ እኔንም እሷንም አሳደጉን፣ አስተማሩን። ክረምት ሲሆን ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው እህቴን ትምህርት ቤት በር ድረስ ተሸክመው ነበር የሚያደርሷት። እኛ ራሳችንን ስንችል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከተማ ለሥራ እንጂ ለእርጅና አይሆንም፣ እንሰቴ ሥር ይሻለኛል አሉ። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ፣ አልጋ ላይ ዋሉ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ሰርጉ ይራዘም አለች። ሴት ልጅ ከቤቷ የምትወጣው የታላላቆቿን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። እሷ ደግሞ አባት ብላ የምታውቀው እሳቸውን ብቻ ነው። የአባባን ጉልበት ሳልስም እግሬ ከዚህ ቤት አይወጣም ብላ ድርቅ አለች፤ እሷ ድርቅ ካለች ደግሞ ማንም አያረጥባትም። አባባ በስልክ ተቆጧት። የተቆረጠ ቀን አይነካም፣ እዚሁ ሆኜ እመርቅሻለሁ አሏት። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ይቆጣሉ፣ እናቴ መሃል ቆማ ግራ ገብቷታል። ያኔ ነው እኔ ዘልዬ የገባሁት። በቪዲዮ ይሁን፣ ስልኬ አባባን እዚህ ሳሎን ያመጣቸዋል፣ ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው እንደሚመርቁሽ ቁጠሪው አልኳት።

እህቴ እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ምግቡ ማታውኑ ተሠርቶ አድሯል፣ ሙዚቃው አዳራሽ ነው ያለው። የኔም ስልክ ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ጢም ብሏል። መብራት ሲሄድ ስልክ የምሞላበት ፓወር ባንኬ ግን ሳልሞላው ረስቼው ባዶውን ነበር። ቢሆንም አልተጨነቅኩም፤ ሙሉ ባትሪ ይዞ የሚጨነቅ የለም።

ሰርግ ቤት ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚፈለገው፣ ሁሉንም የሚችለው የኔ ስልክ ነው። እህቴ ፀጉሯን ስትሠራ ቀረጽኩ። ቀሚሷን ስትለብስ የሚዜዎቿን ጫጫታ ቀረጽኩ። መንገድ ለጠፋባቸው ዘመዶች ሎኬሽን ላክሁ፤ አንዱ አጎቴ ዓለም ባንክ ደርሶ ቀራንዮ ነኝ ብሎ ስለተከራከረ እስኪደርስ ድረስ በስልክ መራሁት። የቀረጽኩትን እዚያው አቀናብሬ፣ ፊት አሳምሬ፣ ዘፈን አስገብቼ ለአክስቶቼ አሳየኋቸው። አክስቶቼ ራሳቸውን እንዲያ አምረው አይተው አያውቁም፤ ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት፣ አሁንም ድገመው አሉኝ። ስልኩ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደም። እኔም በኩራት ተነፍቼ ከክፍል ክፍል እመላለሳለሁ። በእጄ ውስጥ መሞቁ ይታወቀኛል፤ ግን ሰው ሁሉ በሞቀበት ቀን የስልክ መሞቅ ማንን ያሳስባል?

አባባን የሚያስታምማቸው የእህታቸው ልጅ፣ ማለትም የአክስቴ ልጅ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ቪዲዮ ሊያስገባ ሲሞክር፣ እኔም ከዚህ ስሞክር፣ ምስሉ እየደረቀ፣ ድምፁ እየተቆረጠ ረፈደ። በመጨረሻ ጎረቤት ጠርቶ የአባባን አልጋ አሸክሞ ደጃፍ ላይ አወጣው፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ወዲያው ምስሉ ገባ። እንዴት እንደጠራ አልነግራችሁም። ነጭ ጺማቸው፣ አዲሱ ቆብ፣ እስከ አንገታቸው የተጠቀለለው ጋቢ፣ ከጀርባቸው ንፋስ የሚያወዛውዘው የእንሰት ቅጠል። ሳሎኑ በእልልታ ተናጋ። እህቴ በነጭ ቀሚሷ ስልኩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ኩሉ ሊወርድ ሲል ሚዜዋ በመሐረብ ደረሰችላት። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ከደስታዬ የተነሳ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። አመጣኋቸው፣ ይኸው አመጣኋቸው።

የአክስቴ ልጅ ግን ከወዲያ ሆኖ ጮክ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ይኼ በዕድል የገባ ነው፣ ከተቋረጠ ዛሬ ስለመመለሱ አላውቅም አለኝ። ያኔ ነው ዓይኔ ወደ ጥግ የሄደው። ባትሪው አንድ አምስተኛ እንኳ አልቀረውም፤ ምልክቱም ቀልቷል።

እኔ ያሰብኩት አጭር ምርቃት ነበር። የማን ምርቃት እንደሆነ ረስቼ ነው እንጂ። አባባ ሲመርቁ ከሥሩ ነው የሚነሱት። ከአባታችን ጀምረው ወደ ላይ፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ስም እየጠሩ ወጡ፤ በየስሙ ነፍስ ይማር እንላለን። ከዚያ ቁልቁል እየወረዱ የቤቱን ምሰሶ፣ የቤቱን ጉልላት፣ የእናቴን እጅ፣ የሱቁን ደጅ መረቁ። ምርቃት ደግሞ አይቆረጥም። የሚመርቅን ሽማግሌ ቶሎ ይበሉ የሚል በእኛ ዘንድ አልተፈጠረም። እጅህን ዘርግተህ አሜን ነው የምትለው። እናቴ የኔን እጅ አይታ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ ለምን አልዘረጋህም ማለቷ ነው። ስልኩን ማን ይያዘው? ስልኩን በሁለት መዳፌ ላይ አጋድሜ አሜን ማለት ጀመርኩ።

ባትሪው ይወርዳል። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። እህቴ አባባ ጨለሙብኝ ስትል የሰማሁ መስሎኝ፣ እንዳልሰማ ሆንኩ። የከፈትኩትን ሁሉ በአውራ ጣቴ ዘጋሁ፤ የአክስቶቼ ፊልም፣ የአጎቴ ካርታ፣ ዘፈኑ። ያ ሁሉ ከጀርባ ሆኖ ሲበላ ነው የቆየው። ጉድ ነው፤ ያን የሚያህል ጭንቅላት ተሸክሞ ለአንድ ሽማግሌ ምርቃት የሚሆን ስንቅ የለውም።

ይህን ጊዜ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሙሽራው ከሳንሱሲ ሰልፉን ይዞ ደርሷል። በር ላይ ከበሮውና ጭብጨባው ቀለጠ። እንደ ወጉ የኛ ሴቶች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ፣ የነሱ ሚዜዎች ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ብር ብጤ ያሲዛሉ፣ ትንሽ ተገፋፍተው ይገባሉ። ጨዋታ ነው። እኔ ግን ለአጎቴ ልጅ በጆሮዋ ዛሬ ጨዋታ የለም፣ አባባ ሳይጨርሱ ዝንብ እንዳታስገቡ አልኳት። እሷ ነገር ሲጥማት አያድርስ ነው። ሄዳ ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ በሩ ላይ ግንብ ሆኑበት።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ እንደገና ይለምናሉ። የኛዎቹ ንቅንቅ የለም። ሽቶውን ተቀብለው አናስገባም፣ ብሩን ተቀብለው አናስገባም። ከሳሎን መስኮት ሳይ የሙሽራው አባት ሰዓታቸውን አዩ። የአጎቴ ልጅ መስኮቱ ሥር መጥታ ሌላ ምን እንጠይቃቸው አለችኝ። እኔም ሳላስበው ፓወር ባንክ አልኳት።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉ የለ? ሰርገኛ በር ላይ አቁሜ ቻርጀር የምፈልግ እኔ ነኝ። እሷ ግን እንዳልኳት በሩ ላይ ቆማ ከበሮ እያስመታች ፓወር ባንክ ካላመጣችሁ ሙሽራ የለም አለች። ሚዜዎቹ ሳቁ። ከዚያ እንዳልቀለደች ሲያውቁ ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር። አንዱ ወደ መኪናው ሮጠና ትንሽዬ ነገር እየወዘወዘ ተመለሰ። እልልታው ያኔ መስማት ነበር። እንዲያ ያለ ጥሎሽ ቀራንዮ አይቶ አያውቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ በሴቶቹ ራስ ላይ እያለፈ፣ በመስኮት ገብቶ እጄ ደረሰ።

ሰካሁት። የመብረቅ ምልክቷ ብልጭ ስትል ዘልዬ ጣሪያውን ልነካ ምንም አልቀረኝም። አባባ ይህን ጊዜ ወደ ሙሽራዋ ወርደው ነበር። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» አሉ። አሜን አልን፤ የኔ ከሁሉ ጮኸ። ዓይኔን ወደ ጥጉ መለስኩ። ቁጥሩ ባለበት ቆሟል። ቆየሁና ደግሞ አየሁ፤ በአንድ ወርዷል።

ማመን አቃተኝ። ተሰክቶም ይወርዳል። ስልኩ ምስል እየላከ፣ ምስል እየተቀበለ፣ እንደ ምጣድ ግሎ ሚዜው ያመጣው ትንሽ ፓወር ባንክ ከሚያጎርሰው በላይ ይበላል። ስንት ቀን በየሚኒባሱ ያወደስኩት አቅሙ ነው እየጨረሰን ያለው። በእናቴ ነጠላ ጫፍ አራገብኩት፣ ተነፈስኩበት። በመጨረሻ ወደ እህቴ ጆሮ ጎንበስ ብዬ ሊዘጋብን ነው አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ከወንበሯ ተነሳች፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። አባባ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ የሚወለዱትን ልጆች እየመረቁ ነበር። በመካከል ገባችባቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ ምርቃት ላይ እያለ ሲቋረጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባባ፣ ጉልበትዎን ልሳም» አለች።

አባባ ምርቃቱን አቆሙ። ስልኩ ደረቀ ብዬ ነበር፤ ከኋላቸው ቅጠሉ ሲወዛወዝ ነው ያልደረቀ መሆኑን ያወቅኩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈፍ ማድረግ ጀመሩ። የአክስቴ ልጅ ብርድ ነው እያለ ሊከለክላቸው ሞከረ፤ ስልኩን ወደዚህ አውርደው ብለው ገሠጹት። ምስሉ ተንገጫገጨ፣ ሰማይ ታየ፣ የአልጋው እግር ታየ፣ ከዚያ ቆመ። በስክሪኑ ሙሉ የአባባ ጉልበት ሆነ። ከስቷል፤ ቆዳው ተሸብሽቧል። ያኔ ትምህርት ቤት በር ላይ እሷን ለማውረድ ጭቃ ላይ ያንበረክኩት የነበረው ጉልበት ነው። አክስቶቼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ ስልኩን ዝቅ አድርጌ ፊቷ ላይ ያዝኩላት፣ ደስታዬም አልለቀቀኝም፤ እየሳቅኩ ነው ያለቀስኩት።

እህቴ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሊነካ ሲል ስልኩ ጠፋ።

እሷ አላየችም። የጠቆረውን መስታወት ሳመችው፤ እንደ ወጉ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ፣ ከዚያም ግንባሯን አስነካችው። ቀና ስትል መስታወቱ ላይ የከንፈሯ ቀለም ቀርቷል፣ ከሥሩ ምንም የለም። አየችውና ወደኔ ቀና አለች። በር ላይ ከበሮው እንደ አዲስ ተነሳ፤ ሴቶቹ የነገሩን ማለቅ ገምተው በሩን ለቀውላቸዋል፣ ሰርገኛው ድንኳኑን አልፎ እየመጣ ነው። እህቴ ግን ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።

የእናቴ ስልክ ጮኸ። ተራ ጥሪ ነው፣ የአክስቴ ልጅ። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው። ተቋረጠ እንዴ እያለ ይጠይቃል። አባባ ጉልበታቸውን ከጋቢው አውጥተው እንደዘረጉ ናቸው፣ ደጃፉ ላይ ነፋስ አለ፣ ልሸፍንዎ ብላቸው እጄን መቱኝ፤ ልጄ መሳሟን ሳልሰማ አልሰበስብም ብለዋል አለ።

እናቴ የእህቴን ፊት አየች። በኔ እጅ ያለውን ጥቁር መስታወትና በላዩ የቀረውን ቀለም አየች።

«ስማለች በላቸው» አለችው። «አሁን ሸፍንላቸው፤ ብርድ እንዳይመታቸው።»